ሦስት ኪሎ ስንዴ በቀን

የወሎ ረሃብ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ ብሎ ወደ 1966 ወይም ወደ 1977 ይሄዳል። በሁለቱ መካከልና ከሁለቱም በኋላ ግን ካሜራ ያላየው ረጅም ዘመን አለ፤ የእርከን፣ የስም ጥሪ፣ የመጋዘንና የወረፋ ዘመን። እኔ የኖርኩት በዚህኛው ውስጥ ነው። ከደሴ በስተምዕራብ ባለ አንድ ደጋ ወረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠዋት ተዳፋቱ ላይ ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ ማታ መዝገቡን ዘርግቼ ማን ስንት ቀን እንደሠራና ስንት ኪሎ እንደሚደርሰው አሰላለሁ። ከተማ ከገባሁ ወዲህ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፤ «እርዳታው ገበሬውን አበላሸው፣ እጁን አጣጥፎ መኪና መጠበቅ ለመደ» ይላሉ። የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ የገዛ ዘመዶቼ ናቸው። ያን መዝገብ በእጄ የያዝኩ ሰው ነኝና ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ነጻ እህል ሰውን ያሰንፋል የሚለው ሥጋት ወሎ ከመድረሱ በፊት ብዙ አገር ዞሯል። እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው ህንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 ቢሃር ላይ ድርቅ ሲገባ ሪቻርድ ቴምፕል የተባለ ሹም ከበርማ ሩዝ አስመጥቶ ለሕዝቡ አደለ፤ በረሃብ የሞተው ሰው እጅግ ጥቂት ሆነ። አለቆቹ ግን የመንግሥት ገንዘብ አባከንክ ብለው ወቀሱት። ከሦስት ዓመት በኋላ በማድራስ በኩል ረሃብ ሲነሳ ያው ቴምፕል ተልኮ ሄደ። ያን ጊዜ ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥና አፈር ሲሸከም ለሚውል ሰው የሚሰፈረውን እህል ግማሽ ኪሎ ወደማይሞላ መጠን አወረደው። በዚያ ረሃብ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ቀጥለው በወጡት የህንድ የረሃብ ደንቦችም ሐሳቡ አልጠፋም፤ ጉልበት ያለው ሳይሠራ አይቀበል፣ ክፍያውም ሌላ መተዳደሪያ ያለውን ሰው የማያጓጓ ይሁን ይላል። እኔ ተራራ ላይ ሆኜ የማስፈጽመው መመሪያ ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው።

በእኛም አገር ረሃብና ሥራ ቀድመው ተገናኝተዋል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ክፉ ቀን በሚባለው ዘመን፣ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ እርሻ ሲቆም ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ ራሳቸውም ዶማ አንስተው ቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ። በሬ ያለቀበት ሰው በእጁም ቢሆን ቆፍሮ ይዝራ ነው ነገሩ። ይህን ከማድራሱ ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። የምኒልክ ዶማ ለዘር ነበር። የማድራሱ ድንጋይ ፈለጣ ግን ሰውየው በእርግጥ መራቡን የሚፈትኑበት ነበር።

በ1965 እና በ1966 ወሎ ላይ ያለቀው ሕዝብ እርዳታ ሊለምድ ቀርቶ በጊዜው አላየውም። ወደ አዲስ አበባ በእግሩ የተነሳው ገበሬ መንገድ ላይ በፖሊስ ተመለሰ። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ የውጭው ዓለም የሰማው ጥቂት ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳሳየው፣ ያን ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ እህል ጨርሶ አልጠፋም፣ ዋጋውም ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ተጭኖ የሚወጣ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው መግዣ ነው። ሰብሉ መክኗል፣ ከብቱ ወይ ሞቷል ወይ በርካሽ ተሽጧል። በዚያው በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የእርዳታ እህልም መጋዘን፣ መኪና፣ ቅጽና ሹም ያለው ነገር ሆነ።

የ1977ቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኮረም፣ ባቲ፣ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ የተላለፈው የማይክል በርክ ዘገባ። በዚያ ላይ ብዙ አልጨምርም። የእኔ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1972 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ካስፋፋው ሥራ ነው፤ ምግብ ለሥራ ይባላል። ሒሳቡ አጭር ነው፤ ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። መንግሥት ተለወጠ፣ ኮሚሽኑ ስሙን ለወጠ፣ ሦስቷ ኪሎ ግን ባለችበት ከዘመን ዘመን ተሻገረች።

ሥራው እንዲህ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨት፣ በመካከላቸው አሥር ሜትር ገመድ፣ ገመዱ መሃል ላይ የምትንጠለጠል የውኃ ልክ፤ ላይን ሌቭል እንለዋለን። ሁለት ሰው እንጨቶቹን ይይዛል፤ እኔ መሃል ቆሜ አረፋዋ ከሁለቱ ጭረት መካከል እስክትረጋ «ወደ ላይ ውጣ፣ ትንሽ ውረድ፣ ቁም» እላለሁ። እዚያች ላይ ችካል ይመታል። ችካል በችካል ተዳፋቱን ከዞርን በኋላ ሴቱ ድንጋይ ያግዛል፣ ወንዱ መሠረት ይቆፍራል፣ ይክባል። ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ ለድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይያዛል፤ ይህ ኖርም ነው። በድንጋይ እርከን ለአንድ ሰው በቀን አራት ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ቁርሱን በልቶ የመጣውም፣ ሁለት ቀን ቆሎ ብቻ ቆርጥሞ የመጣውም ያው አራት ሜትር ነው የሚለካበት። ሐምሌ ሊገባ ሲል፣ ጎተራ ባዶ በሆነበት ወር፣ ያን አራት ሜትር የካቡ እጆችን አይቻለሁ። ስንፍና የሚለው ቃል እዚያ ተራራ ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም።

ሌላኛው ወገን የሚያነሳውን ማስረጃም አውቃለሁ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ በስንዴ የተሠራው እርከን በብዙ ቦታ ፈረሰ፤ የተተከለው ደን ተጨፈጨፈ። «ስንዴው ሲቆም እርከኑንም አፈረሱት፣ እንደገና ተከፍሏቸው ሊሠሩት» ይባል ነበር። ስንዴ ካልመጣ እርከኑን የማይጠግን ሰው እኔም አጋጥሞኛል፤ ይህን አልክድም። ግን ገበሬውን ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ቢኖር መልሱ ሌላ ነበር። እርከኑ ከጠባቧ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል። ድንጋዩ ሥር አይጥ ይራባል። በሬ ጠምዶ ለማዞር አይመችም። ከሁሉ በላይ መሬቱ በየጊዜው እየተሸነሸነ ይደለደል ስለነበር ዛሬ የካበው እርከን ነገ የማን እንደሚሆን አያውቅም። ተራራውን የመረጠው፣ መስመሩን የቀየሰው፣ ቀኑን የቆረጠው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ጥገናውን ከእሱ መጠበቅ ፍርድ አይደለም።

በ1986 ስለ አደጋ መከላከል ብሔራዊ ፖሊሲ ወጣ። መንፈሱ ግልጽ ነበር፤ ጉልበት ያለው ሰው በነጻ አይቀበል፣ እርዳታ ወደ ልማት ሥራ ይዙር። በነጻ የሚሰጠው ለአረጋዊ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ጧሪ ለሌለው ብቻ እንዲሆን ተባለ። ስንዴውን ይሰጡን የነበሩት አሜሪካኖችም በዚያው ሰሞን በገዛ ድሆቻቸው ላይ ይህንኑ ክርክር ይዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ሕግ ልጅ የማያሳድግ ጤነኛ ጎልማሳ በሳምንት ሃያ ሰዓት ካልሠራ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የምግብ ድጎማ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ እንዳያገኝ ወሰኑ። ክርክሩ የወሎ ብቻ አለመሆኑን ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል።

እኛ ዘንድ ያን ጊዜ የራሽኑ ልክ ለአንድ ሰው በወር 12.5 ኪሎ እህል ነበር። ይህ ወረቀት ላይ ነው። በተግባር የሆነውን በዓይኔ ካየሁት አንዱን ልንገራችሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ስሟ ወጥቶላት ስንዴዋን በአህያ ጭና ወሰደች። እኔ ለሌላ ጉዳይ ቤቷ ስደርስ ስንዴው ቁርበት ላይ ተዘርግቷል፤ አምስት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። በባዶ የዘይት ጣሳ ትሰፍራለች፤ ለአንዷ፣ ለሌላዋ፣ እንደገና ከመጀመሪያዋ። አምስቱም ስማቸው ከዝርዝሩ የቀረ ጎረቤቶቿ ናቸው። «እታለም፣ ይህ እኮ ለአንቺና ለልጆችሽ የተሰጠ ነው» አልኳት። «እሱንስ አውቃለሁ» አለችኝ፣ እጇን ከጣሳው ሳታነሳ፤ «ባለፈው የእነሱ ስም ወጥቶ የእኔ ሲቀር ማን አበላኝ መሰለሽ?» ኮታው ለቀበሌው የሚመጣው ከተራበው ሰው ቁጥር አንሶ ነው፤ ኮሚቴው ከእኩል ድሆች መካከል ይመርጣል፤ ሕዝቡ ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ እንደገና ይደለድለዋል። ለወር የተባለው ስንዴ ከሳምንት ብዙም አይሻገርም። በዚህ ላይ ማን ተደግፎ ይኖራል?

ጥናቱም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ዳሰሳ የእርዳታ እህል የሚሄደው በዓመቱ ወደተራበው ቦታ ብቻ ሳይሆን ከዚህ በፊት ወደሄደበት ቦታ እንደሆነ አሳየ። መጋዘኑ፣ መንገዱ፣ ስም ዝርዝሩ፣ ሠራተኛው እዚያ አለ፤ መኪናው ያንኑ መንገድ ይይዛል። እንግዲህ ልማድ የያዘው መኪናው ነበር። ፒተር ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1992ቱ ድርቅ ዙሪያ በደቡብ ወሎና በኦሮሚያ ዞን ቤተሰቦችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እህሉ መጠኑ ያነሰና መድረሻው የማይታወቅ በመሆኑ ገበሬው ኑሮውን በእሱ ላይ አልሠራም ብሎ ደመደመ። ገጠር ኢትዮጵያን ያጠኑ ሌሎች የምጣኔ ሀብት ሰዎችም እርዳታ የሚያገኙ ቤቶች ከሌላው ያነሰ የሚሠሩ የሚመስሉት ቀድሞውንም መሬትና ጉልበት ያነሳቸው ስለሆኑ መሆኑን አሳይተዋል፤ ያ ልዩነት በሒሳብ ሲያዝ የስንፍናው ምልክት ይጠፋል።

ስለ ጥገኝነት ከተነሳ የስንዴውንም አገር ማንሳት ይገባል። አሜሪካ እህል ወደ ውጭ የምትልክበትን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሲፈርም አንዱ ዋና ዓላማው የተረፈውን የገበሬዎቻቸውን ምርት ማራገፍ ነበር። ከእርዳታው ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን የሚያስገድድ ሕግም አለ፤ የእነዚያ መርከቦች ኪራይ ውድ ነው። ጆንያው ላይ የታተመው የተጨባበጠ እጅ እኛን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ ባለመርከቡም ባለእህሉም ከእዚያ ጆንያ ይኖር ነበር። እነሱን ግን ሰነፍ ያላቸው አልሰማሁም። በእኛ በኩል ደግሞ ከዚያ ዕቃ የሚጣል ነገር አልነበረም፤ ጆንያው ምንጣፍና የእህል መያዣ፣ የዘይቱ ቆርቆሮ ተዘርግቶ የበር ልባጥ ይሆናል።

በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሲሆን መንግሥትም ለጋሾችም በየዓመቱ ልመና መውጣቱ ሰለቻቸው። በ1997 ልማታዊ ሴፍቲኔት የመጣው ከዚያ ነው። ሐሳቡን እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ፤ በየዓመቱ የሚራበው ሰው ይታወቃል፣ ስለዚህ ድርቅ ሳይጠበቅ፣ በታወቀ ወር፣ በታወቀ መጠን፣ በተከታታይ ዓመታት ይከፈለው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ሥራ፣ በቀን 6 ብር ወይም ያችው ሦስት ኪሎ እህል፤ መሥራት ለማይችል ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ። ወደ 5 ሚሊዮን በሚጠጋ ሰው ተጀምሮ በሁለተኛው ዓመት ከ7 ሚሊዮን አለፈ። በ2000 የእህል ዋጋ ሰማይ ሲወጣ 6 ብሩ 8 ብር ቢደረግም ሦስት ኪሎ መግዛት አልቻለም። ያን ጊዜ ሕዝቡ ብሩን ትታችሁ ስንዴውን ስጡን አለ።

ከዋጋው በላይ የጎዳን ግን ቀኑ ነው። የጥር ክፍያ የሚባለው ሚያዝያ ላይ የደረሰበት ዓመት አለ፤ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት የሰው ቀን ዝርዝራችንን ለአንድ ፊርማ መልሶ ሲልክ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሄዳል። በልግ ዝናብ በቀረበት የካቲት አንድ ሽማግሌ የስም ጥሪው ካለቀ በኋላ ቀርተው አነጋገሩኝ። «ልጄ፣ ስንት ነው ብዬ አልጠይቅሽም፤ መቼ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» አሉ። አንዲት ያረገዘች በግ አለቻቸው። ክፍያው በአሥር ቀን የሚደርስ ከሆነ ከጎረቤት ተበድረው ይሰነብታሉ፣ በጓም ትወልዳለች። ወር ሁለት ወር የሚቆይ ከሆነ ግን አሁኑኑ፣ ገበያው ሳይወድቅ ቢሸጧት ይሻላል። የምነግራቸው ቀን አልነበረኝም። በጓን በሚቀጥለው ገበያ ሸጧት፤ ብሩ የመጣው ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ክርክሩ ሁሉ ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው። እኚያ ሰው በክፍያው ቢደገፉ ኖሮ፣ ማለት የሚደገፉበት ቀን ቢኖራቸው ኖሮ፣ ግንቦት ላይ ሁለት በግ ይኖራቸው ነበር። ፕሮግራሙን ዓመት በዓመት የገመገሙትም ክፍያ በተከታታይ በደረሳቸው ቤቶች የረሃቡ ወራት እንዳጠረ ጽፈዋል። ያልተደገፈ ሰው ነው ሀብቱን የሚጨርሰው።

ምረቃ የሚባለውም ሰው እርዳታ ይለምዳል ከሚለው ከዚያው ሥጋት የመጣ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ተጠቃሚ ከሴፍቲኔት ይወጣል ተብሎ ታቀደ። በብድር በግ ተሰጠ፣ ዘመናዊ ቀፎ ተሰጠ፤ ቀበሌው በዓመት ይህን ያህል አስመርቅ ተባለ። አንዳንዱ በእርግጥ ተለውጦ ወጣ፣ ደስ ብሎኝ ስሙን ሰርዣለሁ። አንዳንዱ ግን ቁጥር ለመሙላት ወጣ። በጎቹን ለምዝገባው ሰሞን ከአማቹ ቤት ያስቀመጠ ገበሬም አውቃለሁ። ይህን ለማጭበርበር የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። አንድ ድርቅ ስድስት በግ በአንድ ክረምት እንደሚጨርስ ያየ ሰው፣ ከዝርዝር አንዴ ከወጣ መመለሻ እንደሌለው ካወቀ፣ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። በጎቹን ያረባው ግን ያው ሴፍቲኔት የሚበላ እጅ መሆኑን አትርሱ።

እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሕዝብ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደላንታ ወገል ጤና ላይ ኦፓል ሲገኝ ገደል አፋፍ በገመድ ተንጠልጥሎ ዋሻ አይቆፍርም ነበር። ሴት ልጁንም ወደ ጅዳና ሪያድ አይልክም ነበር። በ2006 ከሳውዲ ተባረው ከተመለሱት ወደ 160 ሺህ ከሚሆኑት ወገኖቻችን ውስጥ የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። በእኔ መዝገብ ላይ ቀጥታ ድጋፍ ከተመዘገቡ አሮጊቶች አንዳንዶቹ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እናቶቹ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስለሚሠሩ ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ዓመት ውስጥ ያርሳል፣ ድንጋይ ይክባል፣ ለቀን ሥራ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ልጅ ይሰዳል፤ የእርዳታው ስንዴ ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዷ ናት፣ ያውም ትንሿ።

ሰኔ 2015 የእርዳታ እህል በሰፊው ተሰርቋል ተብሎ አሜሪካም የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በአገሪቱ በሙሉ ማደል አቆሙ። ስርጭቱ የተመለሰው በ2016 ታህሳስ ገደማ ነው። ያልሰረቀው ሰው በአጉል ወር፣ በክረምት፣ ያለ ምግብ ከረመ። ጥር 2017 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ አንድ ትእዛዝ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ አብዛኛው ታገደ፤ ለጋሽ ሆኖ የኖረው መሥሪያ ቤት ራሱ በሰኔ ተዘጋ። ሁለቱንም ጊዜ «አሁንማ ሠርተው ይበላሉ» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። ያ ሕዝብ ከ1972 ጀምሮ ምግቡን የተቀበለው ድንጋይ እየካበ መሆኑን የሚናገር ግን አነሰ።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ያለው የመጠባበቂያ እህል መጋዘን ለዚህ የተሠራ ነው፤ የውጭ ብር ሲዘገይ ከዚያ ተበድሮ መክፈል ይቻላል። የአገሪቱ በጀት የራሱን ድርሻ ይያዝ፣ የክፍያው ቀን ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ጥር 30 ብሎ የለጠፈ መሥሪያ ቤት ጥር 30 ካልከፈለ፣ ሹሙ ራሱ ቀበሌው ስብሰባ ላይ ቀርቦ ለምን እንደሆነ ያስረዳ፤ ገበሬው አንድ ቀን ከእርከኑ ሲቀር በስሙ ላይ ቀይ መስመር አሰምርበት እንደነበረው ሁሉ የእሱም ስም በመዝገብ ይያዝ።